«ወፍ ነዋ!» ማለት አይበቃም፦ የሚመሳሰሉ አእዋፍን በፎቶና በድምፅ ስለ መለየት

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖች፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሮጡ ከመኪና ማቆሚያው የመብራት ምሰሶ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያያችሁን ጥቁር ወፍ ታውቁታላችሁ። «ቁራ» ትሉታላችሁ፤ ታልፉታላችሁ። አልተሳሳታችሁም፣ ቁራ ነው። ጥያቄው «የትኛው ቁራ?» የሚለው ነው። በዚያ አካባቢ ሁለት የቁራ ዝርያዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው ተራው የአሜሪካ ቁራ ነው፤ ሁለተኛው «ፊሽ ክሮው»፣ በእኛ አፍ የዓሣ ቁራ ልንለው የምንችለው ነው። ሁለቱም ከምንቃር እስከ ጥፍር ጥቁር ናቸው። የዓሣ ቁራው ትንሽ አነስ ይላል፤ ይህ ግን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ ለሚያይ ሰው ካልሆነ በስተቀር አይጠቅምም። ፎቶ አንስታችሁ ለአሥር አዋቂ ብትልኩ፣ እውነተኛ አዋቂዎች ከሆኑ አብዛኞቹ «ከፎቶው ብቻ መናገር አይቻልም» ይሏችኋል።

ታዲያ በምን ይለያል? አፉን ሲከፍት ነዋ! ተራው ቁራ ሁላችንም የምናውቀውን፣ ጉሮሮ ሞልቶ የሚወጣውን «ቋ! ቋ!» ያሰማል። የዓሣ ቁራ የሚናገረው በአፍንጫው ነው፤ አጭር፣ የታፈነ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ተከታታይ ድምፅ። የአሜሪካ ወፍ ተመልካቾች በዚህ ላይ አንድ ቀልድ አላቸው። «አንተ ተራ ቁራ ነህ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «እ-እ» ብሎ ይክዳል ይላሉ። ለእኛ ቀልዱ ትርጉም አያስፈልገውም። እኛም ስንክድ የምንለው ይህንኑ ነውና።

የዚህን ወፍ ሳይንሳዊ መግለጫ ያሳተመው ሰው ታሪክ ለስደተኛ አንባቢ ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። አሌክሳንደር ዊልሰን ይባላል፤ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ሙያው ሽመና፣ ፍቅሩ ግጥም ነበር። በፔይስሊ ከተማ አንድን ባለፋብሪካ ሸማኔዎችን ያጭበረብራል ብሎ በግጥም ሸነቆጠው። ግጥሙ ወህኒ ቤት አስገባው፤ ከዚያም በላይ በአደባባይ በገዛ እጁ እንዲያቃጥለው ተገደደ። ገና ወረቀት ማቃጠል የእኛ አገር ብቻ ፈሊጥ ለሚመስላችሁ ይህ ይበቃል። በ1794 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ ገባ፤ በፔንሲልቫኒያ የገጠር መምህር ሆነ፤ ወፍ ማጥናት ጀመረ። ከ1808 ጀምሮ ዘጠኝ ቅጽ የሆነውን የአሜሪካ አእዋፍ መጽሐፉን ማሳተም ያዘ፤ የመጨረሻዎቹን ቅጾች ሳያይ በ1813 አረፈ። ዛሬ አሜሪካኖች የአገራቸው የአእዋፍ ጥናት አባት ይሉታል። ይህ ሰው በጆርጂያ የባሕር ዳርቻ ሲጓዝ ከተራው ቁራ የተለየ ወፍ እንዳለ የጠረጠረው መጀመሪያ በጆሮው ነው። ድምፁ ከሚያውቀው ቁራ ይልቅ የሻከረ ሆኖ አገኘው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ አመሉና ወደ አካሉ የገባው። የወፉን መግለጫ ያወጣው በ1812 ነው። የሰው አገር ቋንቋ በጆሮው መልመድ ግድ የሆነበት ሰው ጆሮው መንቃቱ አያስደንቀንም።

አሁን ደግሞ ወጥመዱን እንናገር። በሰኔና በሐምሌ ከጎጆ የወጣ የተራው ቁራ ጫጩት እናቱን ምግብ ሲለምን የሚያሰማው ድምፅ በአፍንጫ የሚወጣና የታፈነ ነው። የዓሣ ቁራ ነው ብሎ የሚምል ሰው በብዛት የሚገኘው በእነዚህ ወራት ነው። ስለዚህ ድምፅም ቢሆን ከወሩ ጋር ካልተያያዘ ያሳስታል።

ድምፅን እንደ መለያ የተጠቀመው ግን ዊልሰን የመጀመሪያው አልነበረም። ከእርሱ ቀደም ብሎ በእንግሊዝ አገር ሴልቦርን በምትባል መንደር ጊልበርት ኋይት የተባለ ቄስ ነበር። በመንደሩ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚርመሰመሱ፣ ጀርባቸው ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ ሆዳቸው ወደ ቢጫ የነጣ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ ወፎች አሉ። እንደ አንድ ዓይነት ይታዩ የነበሩትን እነዚህን ወፎች ኋይት ዝማሬያቸውን እየሰማ፣ አካላቸውንም እየመረመረ፣ ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን በ1768 በጻፈው ደብዳቤ አስታወቀ። አንደኛው ስሙ ራሱ ድምፁ ነው፦ «ቺፍቻፍ»። ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ እንደ ሰዓት ይመላለሳል። ሁለተኛው ዊሎው ዋርብለር ነው፤ ዜማው ከላይ ተነሥቶ እየወረደ፣ እየለሰለሰ ያልቃል። ሦስተኛው ውድ ዋርብለር ሲሆን የእርሱ ዜማ በስለት ላይ እንደሚሽከረከር ሳንቲም እየፈጠነ ይንቀጠቀጣል።

በፎቶ ቺፍቻፍንና ዊሎው ዋርብለርን ለመለየት የሚሞክር ሰው እግር ማየት አለበት። የቺፍቻፍ እግር ብዙውን ጊዜ ጠቆር ይላል፣ የዊሎው ዋርብለር ፈዘዝ ይላል። «ብዙውን ጊዜ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእግሩ ይልቅ የሚታመነው ክንፉ ነው፤ የዊሎው ዋርብለር ክንፍ ጫፉ ይረዝማል። ምክንያቱም መንገዱ ሩቅ ነው። ቺፍቻፍ ክረምቱን በሜዲትራኒያን ዳር፣ ከሰሐራ በታች፣ ገሚሱም በእኛው ደጋ ሲያሳልፍ፣ ዊሎው ዋርብለር አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አልፎ ይሄዳል።

በስካንዲኔቪያ ለምትኖሩ አንባቢያን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለን። የደቡብ ስዊድን ዊሎው ዋርብለር በመከር ወራት ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሮ ምዕራብ አፍሪካ ይገባል። የሰሜን ስዊድንና የፊንላንዱ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል። ሁለቱ በመልክም በዜማም በጣም ስለሚቀራረቡ በዛፍ ላይ ቆመው ዓይቶ «ይህ የእኛ መንገደኛ ነው፣ ያኛው የሌላ ነው» ማለት ይከብዳል። የታወቁት እግራቸው ላይ በታሰረ ቀለበት፣ ጀርባቸው ላይ በተጫነ ቀላል መሣሪያና ላባቸው ውስጥ በቀረው የኬሚካል አሻራ ነው። ክብደቱ አሥር ግራም ገደማ የሆነ ፍጡር በአገራችን ሰማይ ላይ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ሲያልፍ ፓስፖርት የሚጠይቀው የለም።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት እንመለስ። በመንግሥት ጋዜጣ በአርታኢነት በሠራንባቸው ዓመታት የወፍ ፎቶ ገጽ ለማሳመር ይመጣ ነበር። ፎቶ አንሺውን «ስሙ ማን ይባላል?» ብለን ስንጠይቀው መልሱ «ወፍ ነዋ!» ነበር። ከዚያም «ብርቅዬ አእዋፍ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ይገባና ያልፋል። የባለሥልጣን ስም አንድ ፊደል ቢጎድል ስልክ ይጮሃል፣ ሰው ይጠራል፤ የወፍ ስም ቢሳሳት ግን የሚደውል አልነበረም። ከ850 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎች በተመዘገቡባት አገር ውስጥ «ድንቢጥ»፣ «አሞራ»፣ «ጭልፊት» የሚሉት ሦስት ስሞች የስንቱን ሸክም እንደሚሸከሙ አስቡት።

ጭልፊትን እንውሰድ። ሉካንዳ ተልኮ ሲመለስ ሥጋ ያልተነጠቀ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ ዕድለኛ ነው። ያ ነጣቂ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ባለ ቢጫ ምንቃሩ ጭልፊት ነው። ከመስከረም በኋላ ግን ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣ፣ ምንቃሩ የጠቆረ ሌላ ጭልፊት ይቀላቀለዋል። አንዳንድ ሊቃውንት ሁለቱን አንድ ዝርያ፣ ሌሎቹ ሁለት ይሏቸዋል። «እንግዲህ ምንቃሩን ማየት ነው!» ብሎ የሚፈጥን ሰው ይኖራል። ይሁን እንጂ የአገሬው ጭልፊት ጫጩት እያለ ምንቃሩ ጥቁር ነው። ስለዚህ በጥቅምት ወር በስልክ የተላከ ባለ ጥቁር ምንቃር ጭልፊት ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ወይም የቄራ ሰፈር ጎረምሳ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን ከላባው ጠርዝና ከራሱ ቀለም ሳያጣሩ መፍረድ ችኩልነት ነው።

የፎቶ ችግር እዚህ ላይ ነው። ፎቶ አይዋሽም የሚል ሰው ጋዜጣ ቤት አልሠራም። የጠዋት ፀሐይ ቡናማውን ቀይ ታደርገዋለች፤ ጥላ አረንጓዴውን ግራጫ ያደርገዋል፤ የዛሬዎቹ ስልኮች ደግሞ ማንም ሳያዝዛቸው ቀለሙን «ያሳምሩታል»። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ፎቶ ሲቀርብለት ቀለሙን የመጨረሻ ያደርገዋል። መጀመሪያ ብርሃን የማይለውጠውን ያያል፤ ምንቃሩ ከጭንቅላቱ አንጻር ምን ያህል ይረዝማል? ክንፉ ሲታጠፍ ጫፉ ከጅራቱ የት ይደርሳል? ጅራቱ ሹካ ነው፣ ክብ ነው ወይስ ሹል? አቋቋሙ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ያጎነበሰ? ከዚያ ቦታው፣ ከፍታውና ወሩ ይጠየቃል። አጎት ወይም እህት ከአገር ቤት አንድ ውብ ፎቶ ሲልኩላችሁ «ሌላም ካለ፣ የደበዘዘውንም ጭምር ላኩልን» በሏቸው። ስድስት የደበዘዙ ፎቶዎች ከተለያየ አቅጣጫ ሲታዩ ከአንድ ያማረ ፎቶ የበለጠ ይናገራሉ።

ድምፅ የማይረዳበት ጊዜም አለ። ጥንብ አንሳ ዝምተኛ ነው። አገራችን ካሉት መካከል ገና ያልጎለመሰው የግብፅ ጥንብ አንሳ መላ አካሉ ቡናማ ስለሆነ፣ መንደር ለመንደር ከሚዞረው ትንሹ ባለ ቆብ ጥንብ አንሳ ጋር ይምታታል። መለያው በበረራ ላይ ጅራቱ ነው፤ የመጀመሪያው እንደ ሽብልቅ ሹል ሲሆን የሁለተኛው አጭርና ዳሩ የተቆረጠ የሚመስል ነው። ሁለቱም በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ስለሆኑ፣ የቆጠራ ወረቀት ላይ አንዱን በአንዱ ቦታ መጻፍ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ድምፅ ራሱ የሚዋሽበትም ጊዜ አለ። በደጋው ጓሮ፣ በአዲስ አበባ ግቢዎች ሳይቀር፣ ሆዱ ብርቱካንማ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለበት ወፍ ሲነጋና ሲመሽ ይዘምራል። ፈረንጆቹ «ሩፔልስ ሮቢን ቻት» ይሉታል። ጎበዝ አስመሳይ ነው፤ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እየወሰደ በራሱ ዜማ ውስጥ ይሰካል። ድምፁን ብቻ ሰምቶ የሚመዘግብ ሰው በአንድ ቁጥቋጦ ውስጥ ብዙ ዓይነት ወፍ ያለ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ደግሞ ተራው የፎቶ ነው። ይህን ወፍ «ዋይት ብራውድ ሮቢን ቻት» ከሚባለው መንትያ መሰሉ የሚለዩት በጅራቱ መካከለኛ ላባዎች ነው። የሩፔልሱ ወደ ጥቁር ያደላሉ፣ የሌላው ወደ ቡናማ። ጋዜጠኛ ለአንድ ወሬ ሁለት ምንጭ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ የወፍ ሰውም ዓይንና ጆሮ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ዘመን ማሽኑ ሁሉን ያውቃል የሚል አለ። እውነት ነው፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ «መርሊን» የተባለው የስልክ ፕሮግራም ከ2021 ጀምሮ ስልካችሁን ወደ ዛፍ ስትዘረጉ የሚዘምረውን ወፍ ስም ይነግራችኋል። አሠራሩ ድምፁን ወደ ሥዕል መለወጥ ነው፤ የድምፁን ከፍታና ርዝመት በመስመር ያነጥፍና ቀድሞ ከተማራቸው ሥዕሎች ጋር ያመሳክረዋል። በሜሪላንድ ጓሮ ጎበዝ ነው። ነገር ግን ማሽን የሚያውቀው የተቀዳለትን ነው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የተቀዳው ብዙ ነው፤ ከእኛ ተራሮችና ሜዳዎች የተቀዳው ግን በንጽጽር ትንሽ ነው። በ2005 በኔዘርላንድስ የተቋቋመው «ዜኖ ካንቶ» የተባለው የወፍ ድምፅ ማኅደር ማንም ሰው የቀዳውን እንዲያስገባ በሩ ክፍት ነው። ለአገር ጉብኝት የምትሄዱ ወገኖች አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ፣ በመጨረሻ ላይ ቦታውንና ቀኑን በአፋችሁ ተናግራችሁ ብታስቀምጡ፣ ወፉን ባታውቁትም ሌላው ያውቀዋል። ቀረጻው ላይ ሻይ የሚያፈላ ሰው ወሬ ቢገባበትም ግድ የለም።

ይህ ሁሉ የጊዜ ማሳለፊያ ለሚመስላችሁ የሊበንን ሜዳ ነገር እናውጋችሁ።

በ1920 ከብሪታንያ ሶማሊላንድ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ካለ የሣር ሜዳ የተገኘች አንዲት ወፍ በሳይንስ መዝገብ ገባች። ቡናማ፣ ነጠብጣባም፣ ድንቢጥ የምታህል፣ መሬት ላይ የምትኖር፣ ፈረንጆቹ «ላርክ» ከሚሉት ወገን ናት። የአካባቢው የእንግሊዝ ገዢ በነበረው በአርቸር ስም ተጠራች። ከ1922 በኋላ በዚያ ሜዳ ደብዛዋ ጠፋ። በ1968 ክርስቲያን ኤራር የተባለ ፈረንሳዊ በዚያን ጊዜው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ከነጌሌ ቦረና ወጣ ብሎ ባለው በሊበን ሜዳ ላይ አንዲት ቡናማ ወፍ አገኘ፤ በ1975 «የሲዳሞ ላርክ» ተብላ እንደ አዲስ ዝርያ ተመዘገበች። በሁለቱ ሜዳዎች መካከል ከ500 ኪሎሜትር በላይ አለ። ስለዚህ መጽሐፍት ሁለት ዝርያ አሉ፤ አንዷ የጠፋች የምትመስል፣ አንዷ በአንድ ሜዳ ብቻ የቀረች።

የሊበኗን ወፍ ማየት ራሱ ፈተና ነው። ሰው ሲቀርብ አትበርም፤ በሣሩ መካከል እንደ አይጥ ትሮጣለች። በዚያው ሜዳ ላይ ሌሎች ቡናማ ላርኮችና መሰሎቻቸው በመንጋ ስለሚርመሰመሱ፣ ከሩቅ የተነሣ ፎቶ ሁሉንም አንድ ያስመስላቸዋል። የሚያጋልጣት የወንዱ ጠባይ ነው። ከዝናብ በኋላ ሣሩ ሲለመልም ወንዱ ወደ ላይ ተነሥቶ አየር ላይ ተንሳፎ አጭር ዜማውን እየደጋገመ ያሰማል፤ ከዚያ ወርዶ ሣር ውስጥ ይሰወራል። ቆጣሪዎች ሜዳውን በመስመር እየሄዱ የሚመዘግቡት ይህን ዘማሪ ነው።

በ2009 የወጣ ጥናት ወፏ የምትኖርበት ሣር ከ36 ካሬ ኪሎሜትር በታች መውረዱን፣ የወፎቹም ብዛት ቢበዛ 250 ገደማ መሆኑን ገመተ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው የተገኙት ከሞላ ጎደል ወንዶች መሆናቸው ነው። ሚስት ያጣ ወንድ ወፍ ደግሞ ካገኘው ይልቅ አብዝቶ ይዘምራል፤ ስለዚህ ሜዳው በዜማ መሞላቱ የጤና ምልክት ላይሆን ይችላል። ጥናቱን ካካሄዱት አንዷ የሆነችው ክሌር ስፖቲስዉድና ባልደረቦቿ፣ ይህች ወፍ በዋናው የአፍሪካ ምድር በታሪክ ከተመዘገቡት ለመጥፋት የመጀመሪያዋ ልትሆን እንደምትችል አስጠነቀቁ። ምክንያቱ ሜዳው መታረሱ፣ ሣሩ ከልክ በላይ መጋጡና ቁጥቋጦ መውረሩ ነው። የቦረና አርቢም በዚሁ ይጎዳል፤ ወፏን የሸሸገው ሣር የከብቱም ቀለብ ነውና።

ከዚያ የሚገርመው ነገር መጣ። ተመራማሪዎቹ በጅጅጋ በኩል፣ ወደ ሶማሊላንድ ድንበር በሚያደርሰው ሜዳ ላይ ተመሳሳይ ወፍ አገኙ። የትኛዋ ናት? የጠፋችው የአርቸር ወይስ የሲዳሞዋ? ዓይን ለብቻው መልስ አልነበረውም። በሙዚየም ያሉት አሮጌ ቆዳዎች ደግሞ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ የአካላቸው መጠን ተለካ፣ የሊበኑና የጅጅጋው ዝማሬ ተቀድቶ ጎን ለጎን ተመረመረ፣ የዘር ማስረጃውም ተነጻጸረ። በ2013 የታተመው ውጤት ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚያመለክቱ አስረዳ፤ የአርቸርና የሲዳሞ የተባሉት አንድ ዝርያ ናቸው። ሳይንሳዊው ስም የቀደመው፣ የአርቸር፣ ሆኖ ሲጸና በተለምዶ ግን «የሊበን ላርክ» ትባላለች።

ይህ በአንድ በኩል ደስ ያሰኛል፤ ጠፋች የተባለችው አልጠፋችም፣ የሊበኗም ብቻዋን አይደለችም። በሌላ በኩል ሁለት ዝርያ ይመስለን የነበረው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም በሁለት የተራራቁ ሜዳዎች ላይ ተንጠልጥሏል። የጅጅጋው ሜዳም ቢሆን ከማረሻ አልዳነም። በሊበን በኩል ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር በመስማማት፣ ቦረናዎች «ካሎ» በሚሉት የግጦሽ ከለላ ሥርዓት አንዳንድ ቦታ ተከልሎ ሣሩ እንዲያገግም ሥራ ተጀምሯል። እኛ የምናውቀው የመንግሥት ዘመቻ ብዙውን ጊዜ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቅ የሚያጥር ነበርና፣ አርቢው በራሱ ሥርዓት ሲያጥር መስማት ለጆሯችን አዲስ ነው።

ወደዚያ የሚሄዱ አስጎብኚዎችና ባለ ካሜራ መንገደኞች አሁን አሁን በስልካቸው የወፏን ዜማ ያጫውታሉ ይባላል፤ ፎቶ ለማንሳት እንድትወጣ። በሜሪላንድ ጓሮ ይህን ማድረግ ብዙ ጉዳት ላይኖረው ይችላል። በሊበን ግን አታድርጉት። ወንዱ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ከሌለው ወራሪ ጋር ሲዋጋ ይውላል፤ የዝናቡ ጊዜ ደግሞ አጭር ነው።